ሦስት ሽማግሌ፣ ስድስት ሲሊንደር፦ ከባሕር ዳር እስከ ደልጊ

ዓርብ ከምሳ በኋላ ከባሕር ዳር ስነሣ መኪናዬ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ፌስታል ብርቱካንና ከጋኑ ግማሽ እምብዛም ያልዘለለ ቤንዚን ነበር። የምንሄደው ደልጊ ነው፤ ጣናን በምሥራቅ በኩል ዞረን፣ በሰሜን አልፈን፣ ሰሜን ምዕራቡ ዳር። ጉዳዩ ጋብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት የደልጊዋን ሰላምን ሊያገባ ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልገዋለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ስለሆንሁ ሽማግሌ መርጦ መላኩም በኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ነገሩ ከባድ የሆነው አንድ ቀጠሮ ስላመለጠን ነው። ባለፈው ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ በተባለ ቀን ባሕር ዳር ላይ የነዳጅ ሰልፍ ይዞን ዋለ። የሰላም አባት ጋሽ እንየው ደግሞ ጎረቤት ሰብስበው፣ በግ አርደው፣ ደጅ ደጁን ሲያዩ ዋሉ። በኋላ በስልክ፣ "አንድ ጊዜ ይቅር ብያለሁ" አሉ። "የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ደጄ ላይ ካልታያችሁ ግን ከዚያ ቤት ሽማግሌ ዳግመኛ አልቀበልም።" ዳዊት ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እኔም ሽማግሌዎቹን በሰው መኪና አልልክም፣ ራሴ እነዳለሁ አልሁ።

እኔ በአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ሞተር አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም። አብረውኝ የተሳፈሩት ሦስቱም ሰዎች ይህን አሳምረው እያወቁ በመንገዱ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላስታወሱት እንድታውቁልኝ ነው። ስሜም ትዕግሥት ነው። ያወጡልኝ ሰዎች ይህን ጉዞ ቢያዩ ኖሮ ሌላ ስም ይፈልጉልኝ ነበር።

ከዓባይ ድልድይ እስከ ወረታ

ጋቢና ከጎኔ የተቀመጡት ጋሽ ዓለሙ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ሆነው ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። አንደበታቸው ርቱዕ ስለሆነ ተናጋሪ ሆነው የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ከኋላ መሪጌታ ጥበቡ አሉ፤ የሰፈራችን የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ገርና ጨዋ። ከሳቸው ጎን ሐጂ ሰይድ፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ የነበሩ፣ በጣና ዳር ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው። ሐጂ ከቤታቸው ሲወጡ "ቢስሚላህ" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝም።

ዘንዘልማን አልፈን መንገዱ ሲደላደል ፍጥነቴን አስተካከልሁ። ከመሪው ፊት ባለው ኩሩስኮት ላይ ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች፤ ሞተሩም እንደ ልማዱ በቀስታ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሽ ዓለሙ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ ቆይ! ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?"

"የቱ ድምፅ?"

"እምምም የሚለው። አንድ ሲሊንደር አይሠራም።"

"አንድ ሳይሆን ሦስት ናቸው የማይሠሩት" አልሁ። ወይ አፌ! ምን ነበረበት ዝም ብል።

"ሦስት! መሪጌታ ሰሙ? ሦስቱ ሞተዋል እኮ ነው የምትለን!"

መሪጌታ "በስመ አብ" ብለው አማተቡ።

እስቲ ለእናንተ በሥርዓቱ ልንገራችሁ፤ እነሱ እንደሆነ ሊሰሙኝ አልቻሉም። የኔ መኪና ባለ ስድስት ሲሊንደር ናት። ዳገት ስትወጣ ስድስቱም ነዳጅ ያቃጥላሉ። ሜዳ ላይ በአንድ ፍጥነት ስትሄድ ግን ያን ሁሉ ጉልበት አትፈልገውም። በተራው ሞተር እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ስድስቱም በጥቂት በጥቂቱ ይሠራሉ፤ የአየር መግቢያው በር ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ፒስተኖቹ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ሲታገሉ ጉልበት ይባክናል። በጣት ቆንጥጠው በያዙት ስትሮ ለስላሳ እንደ መጠጣት ነው፤ ጉንጭ ይደክማል፣ የሚገኘው ግን ጠብታ ነው።

የኔ መኪና ኮምፒውተር ጭነቱ መቅለሉን ሲያይ ለሦስቱ ሲሊንደሮች ነዳጅ ያቋርጣል። በዘይት ግፊት የምትንቀሳቀስ ትንሽ ፒን አለች፤ እሷ ቫልቮቹን ከሚከፍታቸው ክንድ ታላቅቃቸዋለች፤ መግቢያውም መውጫውም እንደተዘጋ ይቀራል። ፒስተኖቹ ግን አይቆሙም። ከሌሎቹ ጋር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ውስጥ የታሰረው አየር ሲጨመቅ የወሰደውን ጉልበት ሲለጠጥ መልሶ ስለሚሰጥ በዚያ በኩል ብዙም አይባክንም። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ የስድስቱን ሥራ ሲሸከሙ ብዙ አየር ይፈልጋሉ፣ የአየሩ በርም ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ ያ የመሳብ ትግል ይቀንሳል። ቁጠባው የሚመጣው ከዚያ ነው። ተአምር አይደለም፤ ጥቂት ነው። ጋኑ ሳይሞላ ደልጊ ለሚሄድ ሰው ግን ጥቂቷም ነገር ናት። ነዳጅ ረገጥ ሲያደርጉት ስድስቱም ወዲያው ይመለሳሉ። ሦስቱ ብቻ ሲሠሩ ሞተሩ ትንሽ ያጉረመርማል፣ በቃ። በሽታ አይደለም።

ይህንኑ ሐሙሲት እስክንደርስ ሦስት ጊዜ አስረዳሁ። ጋሽ ዓለሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ "እኔ ሠላሳ ዓመት ማሽን በድምፅ ስለይ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ይሄ የታመመ ድምፅ ነው" አሉ። መሪጌታ ደግሞ ከሁለታችንም ጋር ይስማማሉ። "እሳቸው ያሉትም እውነት ነው፣ ትዕግሥት ያለችውም እውነት ነው" ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከተቃዋሚ ይብሳል!

ፎገራ ሜዳ

ከጉማራ ድልድይ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። የሩዙ አጨዳ አልቆ ገለባው በየማሳው ተከምሯል። ወረታ ላይ ወርደን ሻይ በዳቦ ቀመስን፤ ጾም ስለሆነ ለመሪጌታ ሽሮ አስመጣን፤ እንጀራው ሩዝ የተቀላቀለበት፣ ነጭና ልስልስ ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጋሽ ዓለሙ እኔን ትተው እሱን ጠየቁት።

"ወንድሜ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው መኪና በሦስት ይሄዳል?"

"ይሄዳል" አለ ሰውዬው፣ "ግን ብዙ አይሄድም።"

"አየሽ!" አሉኝ። ሠላሳ ተማሪ በየቀኑ የምትሰማኝ፣ አይ፣ የሚሰማኝ ሴት እኮ ነኝ! ሻይ የሚጠጣ ሰው አንድ ቃል ቢናገር የኔ ትምህርት ሁሉ ገደል ገባ። ቃላቴን እስክሳሳት አናደዱኝ።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ ሐጂ የጀልባ ሰው ናቸውና በጀልባ ልሞክር ብዬ፣ "ስድስት ቀዛፊ ያለው ጀልባ ነው በሉ" አልሁ። "ሐይቁ ጸጥ ሲል ሦስቱ ያርፋሉ፤ ማዕበል ሲነሣ ስድስቱም ይቀዝፋሉ።"

"ሰነፍ ቀዛፊ ከጀልባ ይወርዳል እንጂ ተሳፍሮ ይጎተታል?" አሉ ጋሽ ዓለሙ።

"ከወረደማ ማዕበሉ ሲመጣ ከየት ይገኛል?"

"ስድስት ሰው ቀጥሮ ሦስቱን ማስተኛት! ይሄማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንጂ ሞተር አይደለም።"

መሪጌታ ሳቅ አሸነፋቸው። ሐጂን በመስተዋት አየኋቸው፤ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው አልሁ በልቤ።

ከአዲስ ዘመን ወዲያ ዳገቱ ሲጀምር ነዳጅ ረገጥሁ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች፣ ጉርምርምታውም ቆመ፣ መኪናዋ ሽቅብ ተምዘገዘገች። ጋሽ ዓለሙ፣ "እሰይ! አሁን ነቃ!" ብለው አጨበጨቡ። ጫፍ ደርሰን መንገዱ እንደተደላደለ መብራቷ በራች፣ ጉርምርምታው ተመለሰ። "ይኸው ሞተ" አሉ። እስከ ማክሰኝት ድረስ በየዳገቱ "ነቃ"፣ በየሜዳው "ሞተ" እያሉ ወሰዱኝ።

ማክሰኝት

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማክሰኝት ገብተን አንዲት ንጹሕ ፔንሲዮን አደርን። ቅዳሜ ማለዳ፣ እነሱ ፊታቸውን እስኪታጠቡ እዚያ ያለው ማደያ ቤንዚን ይኖረው እንደሆነ ልጠይቅ በእግሬ ሄድሁ። ስወጣ ጋሽ ዓለሙ፣ "ቁልፉን ተይልኝ፣ ጋቢዬን ከመኪናው ላውጣ" አሉ። ሰጠኋቸው።

ማደያው ቤንዚን የለውም። ማታ ይመጣል የሚል ነገር አለ፤ ግን የትኛው ማታ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጊዜ አለን ብዬ ገበያውን ዞር ዞር አልሁ፤ እሸት ሽምብራ በእስር በእስር ይሸጣል፣ እስሩ በሃያ ብር። ለሽማግሌዎቹ የመንገድ ስንቅ ብዬ ሦስት እስር ገዝቼ ተመለስሁ።

ስመለስ ሦስቱም መኪናው አጠገብ ተሰልፈው ቆመው ጠበቁኝ። ጋሽ ዓለሙ በሩን ከፈቱልኝ። "እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ደክሞሽ ይሆናል" አሉኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ኮፈኑ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ አይቼ የመንገድ ቆሻሻ ነው ብዬ በጨርቅ ጠረግሁት። ሞተሩን ሳስነሣ ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ወርጄ የነዳጅ መክደኛውን አጠበቅሁ፤ መክደኛ ሲላላ እንዲህ ይበራል፣ ሲጠብቅም ወዲያው አይጠፋም። የነዳጁ ቀስት ካሰብሁት ወረድ ብሎ ነበር፤ ትናንት ዳገቱ በልቶት ይሆናል ብዬ ጉዞ ቀጠልሁ።

አዘዞ ስንደርስ ማደያው ጋ የተሰለፈው መኪና ጭራው አይታይም። ቆምሁና አሰብሁ። ብሰለፍ ስድስት ሰዓት እዚያው ይሞላል። ካልተሰለፍሁ ደግሞ ያለኝ ቤንዚን ለጥቂት ነው የሚያደርሰኝ። ቢሆንም ከዚህ ወዲያ ያለው የደንቢያ ሜዳ ነው፤ በሜዳ ሦስቱ ያርፉልኛል፣ እደርሳለሁ። በሲሊንደሮቼ ተማምኜ ሰልፉን ጥዬ ወደ ግራ ታጠፍሁ።

ደንቢያ

ደንቢያ እንደ ትሪ የተዘረጋ አገር ነው። በግራም በቀኝም ሽምብራና ጓያ፣ አልፎ አልፎ የከብት መንጋ። ፍጥነቴን ያዝሁና አረንጓዴዋን መብራት ጠበቅኋት። አልበራችም። ቆላ ድባ ደረስን፣ አልበራችም። ቀስቱ ደግሞ ዓይኔ እያየ ይወርዳል።

"ዛሬ ድምፁ እንዴት ያምራል!" አሉ ጋሽ ዓለሙ።

ፍሬን ያዝሁ። መኪናዋን ዳር አቆምኋትና ዞርሁ።

"ጋሽ ዓለሙ፣ መኪናዬን የነካ ሰው አለ?"

"ማን ይነካታል?"

መሪጌታ ሳል ጀመራቸው።

"መሪጌታ?"

"እኔ እንኳ ልጄ፣ ትነካ አትነካ በሚለው ላይ ሐሳብ አልሰጠሁም።"

ቀስ በቀስ ወጣ። እኔ ማደያ ስሄድ ጋሽ ዓለሙ ከፔንሲዮኑ ጎን ያለውን መካኒክ ጠርተው ኮፈኑን አስከፍተዋል። ሰውዬው ነዳጁን የሚለኩሱትን የካንዴላዎቹን ሶኬት ተራ በተራ እየነቀለ አዳመጠና፣ "አባቴ፣ ስድስቱም ይሠራሉ" አላቸው። ልክ ነው! ቆማ ሞተሯ ሲነሣ ስድስቱም ይሠራሉ እኮ! ጋሽ ዓለሙ ግን፣ "መንገድ ላይ ሦስቱ ይተኛሉ" ብለው ሙጭጭ አሉ። ሞተሩንም አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያስጮኹት ቆዩ። በመጨረሻ መካኒኩ ሲሊንደሮቹን የምታስተኛዋን ሶኬት አገኘና፣ "እንግዲያው የሚያስተኛቸው ይሄ ነው" ብሎ ነቀለና በላስቲክ ጠቅልሎ አሰራት። የተባለውን ነው የሠራው፣ ምን ልበለው? ኮምፒውተሩም ያኔውኑ ቢጫውን መብራት አብርቶ ሁሉንም ለዘለቄታው ቀስቅሷቸዋል።

"ድምፁ ጠፋልሽ እኮ" አሉ ጋሽ ዓለሙ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

"ድምፁ ብቻ ነው እንዴ የጠፋው? ቤንዚኔስ! የአንድ ሰዓት ጩኸት በነጻ ነው? እኔ እኮ አዘዞ ላይ ያልተሰለፍሁት እነዚህን ሦስቱን ተማምኜ ነው! ዳዊት ቤት ቁጭ ብሎ ሰዓት ይቆጥራል፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ ያ ልጅ ምን ይሆናል?"

ሐጂ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

ሞተሩ እስኪበርድ አልጠበቅሁም፤ ጣቴን እየለበለበኝ ሶኬቷን ፈትቼ ሰካኋት። ኮምፒውተሩ በሽታውን እንዲረሳ የባትሪውን አንድ ራስ በአሥር ቁጥር ቁልፍ ፈትቼ ትንሽ ማቆየት ነበረብኝ። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብዬ በማንም ፊት የማልናገረውን ሁሉ ተናገርሁ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የገዛሁላቸውን ሽምብራ ይፈለፍላሉ። ኧረ እግዚኦ!

ስንነሣ ቢጫው የለም። ሞተሩ ሞቅ ሲል ትንሿ አረንጓዴ በራች፣ ጉርምርምታዋ መጣ። እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ጋሽ ዓለሙ "ሞተ" አላሉም። ጥቂት ቆይቶ ግን የነዳጅ ማለቂያው መብራት በራ።

ከጯሂት ወዲያ

ጯሂትን አልፈን ጠጠሩ መንገድ ላይ ስንገባ አምስት ሰዓት አልፏል። ስልኬ ጮኸ። ዳዊት ነው።

"ደረሳችሁ?"

"ዝጋ!" አልሁት።

ቀጥሎ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ትን አላት፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ከሩቅ ጣና ይታያል፤ የደልጊ የቤት ክዳኖች ያብለጨልጫሉ። በእግር ቅርብ አይደለም፤ በዓይን ግን እዚያው ነው። ጋሽ ዓለሙ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታ ለዚህ የሚሆን ጸሎት ፈልገው ማነብነብ ጀመሩ። እኔ መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፌ አለቀስሁ፤ በንዴት ነው።

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ሐጂ ወርደው፣ ኔትወርክ በደንብ ወደሚይዝበት ከፍታ ወጥተው ስልክ ይደውላሉ። አራት አምስት ቃል ተናገሩና ተመልሰው፣ "የእህቴ ልጅ ነው፤ ደልጊ የሞተር ጀልባ አለው። ቤንዚን ይዞ እየመጣ ነው" አሉ። ከባሕር ዳር ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

የእህታቸው ልጅ በሞተር ብስክሌት ጀሪካን ጭኖ መጣ፤ ጎልማሳ፣ ባለ ትዳር ሰው፣ ዓሣ ማስገር ላይ እያለ ትቶ የመጣ። ሳሸተው ቤንዚኑ ለጀልባ ሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ነው። ይህን መኪና ውስጥ መጨመር ለተማሪዎቼ የምከለክለው ነገር ነው። ለጥቂት መንገድ አይገድላትም ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጨመርሁ። ተነሣች፤ ከኋላዋ ግን ነጭ ጭስ እየተንቦለቦለ።

ደልጊ

ጋሽ እንየው ደጅ የደረስነው ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሊወጡ ነበር። ጭሳችንን አስከትለን ስንቆም ሁሉም ዞረው አዩን። እኔን መሬት ትዋጠኝ!

ጋሽ እንየው ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። "ስድስት ሰዓት ብዬ ነበር" አሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አይተው፣ "ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም፤ ግቡ። ቃል ግን ከኔ አትጠብቁ" አሉ።

ሦስቱ ገቡ። እኔ ሾፌር ነኝ፣ ሴትም ነኝ፤ በጓዳ በር አስገቡኝ። ሰላም እዚያ ነበረች። እጄን ያዘችኝ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

ጋሽ ዓለሙ እንደ ወጉ ቆመው ጀመሩ። "ልጅዎን ለልጃችን፣ ቤትዎን ለቤታችን ብለን መጥተናል" አሉ፤ አማረላቸው። ጋሽ እንየው አቋረጧቸው።

"ባለፈው ቀራችሁ። ዛሬ አረፈዳችሁ። ቃሉን የማያከብር ቤት ልጄን እንዴት ያከብርልኛል?"

ጋሽ ዓለሙ "ነገሩ እኮ..." አሉና ቆሙ። "መንገዱ..." አሉ፣ ደግሞ ቆሙ። ሰላም እጄን ጨመቀችው። ወንድሜን አሰብሁት።

ያኔ የሐጂ ሰይድ ድምፅ መጣ።

"ጋሽ እንየው፣ አላህ ይስጥልን፣ ደጅዎን ስለከፈቱልን። ያስረፈደን መንገዱ አይደለም፤ እኛው ነን። ያመጣችን ልጅ ሞተር ታስተምራለች። መኪናዬ ደህና ናት ብትለን አላመንናትም። ዞር ስትል ጤነኛ መኪና አስከፈትን፣ ያልታመመውን አከምን፣ ቤንዚኗን ጨረስንባት። እኔም እያየሁ ዝም አልሁ። ልጁን ያሳደገችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ስናደርጋት አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣት፣ እጇን እየፈጃት ጠግና እዚህ አደረሰችን። ቃል ያጠፍነው እኛ ሽማግሌዎቹ ነን። በኛ ጥፋት እነዚህን ልጆች አይቅጧቸው።"

ክፉ ቃል አልወጣትም ያሉት ኮፈኑ ሥር ያልሁትን ስላልሰሙ ነው። ዕንባዬ ግን መጣ።

ጋሽ እንየው ወደ ሐጂ ዞረው፣ "ያሳደገችው የት አለች?" አሉ።

"ጓዳ ናት።"

"ጓዳ ምን ትሠራለች? ጥሯት።"

እጅጌዬ ዘይት እንደነካው ገባሁ። ጋሽ እንየው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ "ልጄ፣ መኪናሽ ስትመጣ ሰማኋት፤ አንድ ሲሊንደር አይሠራም መሰለኝ" አሉ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሽ ዓለሙ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"ኧረ በፍጹም! ጭሱ የጀልባ ቤንዚን ነው። ሲሊንደሮቿ ሁሉም ደህና ናቸው። ሜዳ ላይ ሦስቱ ያርፋሉ፤ ቫልቫቸው ተዘግቶ፣ አየራቸውን ይዘው፣ ከሌሎቹ ጋር ይወጣሉ ይወርዳሉ። ዳገት ሲመጣ ወዲያው ይነሣሉ። ለነዳጅ ነው!"

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቃል በቃል የኔ ነው! ለካ ሁሉንም ሰምተውኛል፤ ሰምተው ነው እንዲያ ያነደዱኝ!

"ሳይሠሩ አብረው ይዞራሉ?" አሉ ጋሽ እንየው።

"እንደኛ ነዋ" አሉ መሪጌታ። "ሦስት ሆነን መጣን፤ አንዱ ሲናገር ሁለታችን ተቀምጠን ነበር። ሞተዋል ያለን የለም። ጋሽ ዓለሙን ዳገቱ ሲይዛቸው ሐጂ ተነሡ።" ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወገን ቆሙልኝ።

የጋሽ እንየው ፊት ትንሽ ተፈታ። ልጅ ሲጠየቅ በአንድ ቀን እሺ ማለት ወግ አይደለም። "እንመካከራለን" አሉ፤ "የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።" ከዚያ በጣታቸው እኔን አሳዩ። "ያኔ አራት ሆናችሁ ኑ። እሷም በዚህ በር ትግባ።" ከጓዳ በኩል ሰላም ሳቅም ልቅሶም የሆነ ድምፅ አሰማች።

የመልስ ጉዞ

ደልጊ አድረን እሑድ በዚያው የጀልባ ቤንዚን አዘዞ ደረስን፤ ግማሽ ቀንም ተሰልፈን ቤንዚን ቀዳን። ከወረታ ወዲህ ፎገራ ሜዳ ላይ አረንጓዴዋ መብራት በራች።

"አሁን ስንት ናቸው የሚሠሩት?" አሉ ጋሽ ዓለሙ።

"ሦስት።"

"ይረፉ" አሉና ራሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ እስከ ዓባይ ድልድይ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ሁለት ጊዜ ታመው እንደሆነ ዞሬ አየኋቸው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ያረፈ ሁሉ የሞተ እንዳልሆነ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ ሐጂን ግን ከባሕር ዳር ጀምሮ ከኋላዬ አስቀምጬ አንድ ነገር እንኳ ከሳቸው ሳልጠብቅ ነበር የሄድሁት። ከዚህ ጉዞ የቀረልኝ ትምህርት ይሄ ነው።

ዳዊት በር ላይ ቆሞ ነበር። "ተመለሱ ብለዋል" ስለው መሬት ላይ ቁጭ አለ። እሱን አንሥቼ ጋሽ ዓለሙን ቤታቸው ላደርስ ሄድሁ። ሲወርዱ የመኪናውን በር ይዘው ቆሙ።

"በሚቀጥለው ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ።"

"እኔ? ኧረ ጋሽ ዓለሙ፣ እርስዎ እያሉ!"

"አንቺ ተናገሪ፤ እኛ ሦስታችን እናርፋለን። ዳገት ከመጣ አለንልሽ።"

ከዚያ በሩን ጓ አድርገው ዘጉት። በቀስታ፣ በቀስታ ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ!